ኮራሉ ሞቷል ወይስ አኩርፏል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪዎች

ደሴ ላይ ኮራል፣ ያን ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ ማርባት ትንሽ እብደት አለበት። ባሕሩ ሩቅ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የኅዳርን ሌሊት ደግሞ ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ያውቀዋል። እኔ ሳሎን ውስጥ 120 ሊትር ገንዳ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናቴ «ይሄ ድንጋይ ከልጅ በላይ አስቸገረ» ትላለች፣ አልተሳሳተችም።

መጀመሪያ ከገዛኋቸው አራት ኮራሎች ሦስቱን የፈጀኋቸው እኔው ነኝ። አንዱ ትንሽ ሲኮማተር አይቼ ደነገጥኩ፣ ደንግጬ ከአንድ ጠርሙስ ጨመርኩ፣ በማግስቱ ሲብስበት ከሌላ ጠርሙስ ጨመርኩ፣ እንዲህ እያልኩ ጨረስኳቸው። በኋላ ሳጣራ ውሃውን አንዴም አልለካሁትም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ለኩ። ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ። ጨዋማነት 35 ግራም በኪሎ፣ በሪፍራክቶሜትሩ (በጨው መለኪያው) ሌላኛው መስመር 1.026 አካባቢ ማለት ነው። አሞኒያ ዜሮ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድ የመቋቋም አቅሙ፣ 8 ወይም 9 ዲኬኤች (መለኪያው ነው)። ገንዳው አዲስ ከሆነና አሞኒያ ገና ዜሮ ካልገባ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። አሞኒያውን የሚበላው ባክቴሪያ እስኪደላደል ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ኮራል ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ተሸብሽቦ አገኘሁት

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር? መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። ቴርሞሜትሩ 20 ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ሂተሩ ሲቆም ገንዳው የቤቱን ብርድ እየተከተለ ይወርዳል፣ ትንሽ ገንዳ ደግሞ ቶሎ ነው የሚወርደው።

ግን ከብርዱ ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ገጽ አይናወጥም፣ አየር አይገባም፣ ዓሣውም ኮራሉም አለቱ ላይ ያለው ባክቴሪያም ውሃው ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን እየተሻሙ ይጨርሷታል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ውሃ ከጅምሩ በሩብ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚነሳው። ጠረፍ ከተማ የሚኖር ሰው «ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም» ቢላችሁ ለእሱ ልክ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን አትመኑ።

መፍትሄው ውድ አይደለም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝታችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። አቅም ካላችሁ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ ግን የፍሰት ፓምፑን ብቻ ሰኩ። ኮራል ሁለት ሦስት ቀን በጨለማ ቢቆይ ግድ የለውም፣ ስለዚህ የገንዳውን መብራት እርሱት። ሂተሩ ደግሞ ባትሪውን ወዲያው ይጠጣዋል። ለሙቀቱ ጋቢ አለላችሁ። የምሬን ነው። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍት ተዉለት። ብርዱ ከበረታ ወረቀቱን ልጣችሁ በደንብ ያጠባችሁትን ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሙሉና ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፍፉት።

መብራት ሲመጣ ደስ ብሏችሁ ሂተሩን ወደ 28 እንዳትጠመዝዙት። 25 ላይ ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ለእንደኔ ዓይነት ገንዳ ከአንድ ትልቅ ሂተር ሁለት ባለ 100 ዋት ይሻላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዛል፣ አንዱ አልጠፋ ቢልም ብቻውን ኮራሉን አይቀቅለውም። ዲቫይደሩን ደግሞ ገንዳው ሥር መሬት ላይ አትጣሉት፣ ጨው ያለው ውሃና ኤሌክትሪክ አይጫወቱም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆናችሁ ሌሊቱ ይራራላችኋል። የእናንተ ጣጣ የግንቦትና የሰኔ ቀን ነው። ውሃው 28ን አልፎ ከሰነበተ ኮራል መንጣት ይጀምራል። ትንሽ ፋን ወደ ውሃው ገጽ አዙሩ፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርድላችኋል። ያን ጊዜ ግን ውሃው ቶሎ ቶሎ ይተናል፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

ሁሉም ቀስ በቀስ እየከሱ ነው

አንድ ኮራል ብቻውን ሲያኮርፍ የብርሃን፣ የፍሰት ወይም የጎረቤት ጉዳይ ነው። ሁሉም አብረው ሲያኮርፉ ግን ውሃው ነው። ጨዋማነቱን ለኩ። 38 ወይም 39 ካያችሁ የጎደለውን በጨው ውሃ ስትሞሉ ከርማችኋል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። እኔ ይሄን ሁለት ወር ሙሉ አድርጌዋለሁ! መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ሙሉ። ከፍ ያለውን ጨው በአንድ ቀን አታውርዱት፣ በቀን አንድ ግራም ያህል ይበቃል። ሪፍራክቶሜትሩንም በባዶ ውሃ ሳይሆን በ35 ማስተካከያ ፈሳሽ ፈትሹት፣ ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊዋሽ ይችላል።

ንጹህ ውሃ ስል የቧንቧ ውሃ ማለቴ አይደለም። የሮቶም አይደለም። ማፍላትም አይረዳም፣ ውሃው እየተነነ ናይትሬቱና ማዕድኑ ይበልጥ ይጠነክራል። አርኦ ፊልተር (ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራ) ያስፈልጋል፣ ቲዲኤስ ሜትሩ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው፣ ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ እስኪያሳይ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አርኦ ፊልተር የሚሠራው በግፊት ነው፣ ከሦስት እስከ አራት ባር ይፈልጋል። ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በየአሥር ሜትር ከፍታው አንድ ባር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የእኛ ሮቶ ደግሞ ሦስት ሜትር ላይ ነው ያለው። ፊልተሩ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስል ነው የገባኝ። ማጠናከሪያ ፓምፕ ስገጥምለት ሠራ። የሚያወጣውን ቆሻሻ ውሃ አትድፉት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለልብስና ለወለል ወርቅ ነው።

ጨውን በተመለከተ አጎቴ «አፍዴራ ጨው ሞልቶ ለምን ከውጭ ትገዛለህ?» ብሎኛል። የአፍዴራ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ኮራል ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት በልኩ ይፈልጋል። ለወጡ እንተወው።

ነጣ፣ ወይም ቡናማ ሆነ

ኮራል ቀለሙን በከፊል የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ነው። አብዛኛውን ምግቡንም እነሱ ናቸው የሚሠሩለት። ሲጨንቀው ያባርራቸዋል፣ ያኔ ይነጣል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፣ ግን እየተራበ ነው።

የነጣው አዲስ መብራት ከገጠማችሁ በኋላ ከሆነ መብራቱን ወደ ግማሽ አውርዱና በሦስት አራት ሳምንት ቀስ እያላችሁ መልሱት። ሙቀቱ ከሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። ሁለቱም ካልሆኑ ናይትሬትና ፎስፌት ለኩ። ዜሮ ካሉ ገንዳችሁ ከልክ በላይ ጸድቷል፣ ለዓሣው ምግብ ጨመር አድርጉ። ጀማሪ ሁሉ ዜሮ ሲያይ ይኮራል፣ እኔም ኮርቼ ነበር።

ቡናማ መሆን ተቃራኒው ነው። ወይ ብርሃን አንሶታል ወይ ናይትሬቱ በዝቷል። ቦታውን ከፍ አድርጉለት፣ ምግብ ቀንሱ፣ በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ ቀይሩ።

ከአዲስ አበባ መጣና አልከፈት አለ

400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ ያውም ጣርማ በርን አቋርጦ! እናንተም ብትሆኑ ታኮርፉ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ኮራሉ የሚመጣበት ፌስታል ይነፋል፣ ስለዚህ ላኪው አየሩን እስኪወጠር እንዳይሞላው ንገሩት። ፌስታሉ በስትሮፎም ሳጥን ውስጥ ይሁን። ሲደርስ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፉት፣ ከዚያ ውሃችሁን ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉት። መጀመሪያ ታች ጥላ ላይ አስቀምጡት። ለአንድ ሳምንት ዝግ ቢሆንም ተዉት። በየቀኑ ቦታ እየቀየሩ «እዚህስ?» ማለት ነው የሚገድለው።

ለጀማሪ መሽሩም፣ ሌዘርና ዜኒያ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ይበቃሉ። አክሮፖራ የሚባለውን አስቸጋሪ ድንጋያማ ኮራል ለጊዜው ፎቶውን እያያችሁ ተጽናኑ። ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ ዳርቻ ሰብሬ ላምጣልህ የሚል ሰው ካለ እምቢ በሉ። ድንጋያማ ኮራሎች በሳይተስ፣ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሥር ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ሰው ገንዳ ውስጥ ከተባዛ ላይ ቁራጭ ግዙ።

ፒኤች ከሰዓት በኋላ ይወርዳል

ቡና! ከሰሉ ይያያዛል፣ በሩ ይዘጋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክፍሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ውሃው ይጠጣዋል፣ ፒኤች ይወርዳል። ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ ከሆነ አትጨነቁ። ከዚያ ከወረደ ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ጠርሙስ አትግዙ፣ መስኮት ክፈቱ። ለእናንተም ሳንባ ይሻላል። እኛ ቤት ቡናው ወደ በረንዳ ወጥቷል፣ ድርድሩ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። የዝንብና የበረሮ መርጫ ግን ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን ወዲያው ይፈጃል።

ልጋግ፣ አቧራና ሌሎች እንግዶች

አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ በአዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ ነው፣ በጥቂት ሳምንት በራሱ ይሄዳል። ቀይ ልጋግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ አለ ማለት ነው፣ በቱቦ ሳቡትና ፓምፑን ወደዚያ አዙሩት።

ሌዘር ኮራል ተዘግቶ ሰም የመሰለ ነገር ከለበሰ ቆዳውን እየቀየረ ነው። ምንም አታድርጉ። ፍሰቱ ደህና ከሆነ ገፎ ይጥለዋል።

እንደ ሐመር (ጫፉ መዶሻ የሚመስል ድንጋያማ ኮራል) ያሉት ላይ ግን ቡናማ የሚዝረከረክ ብስባሽ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ተነሱ። ፓምፑን አጥፉ፣ ብስባሹን በቱቦ ሳቡ፣ የታመመውን ራስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ የተረፈውን የኮራል አዮዲን ባለበት ባልዲ ውስጥ በመመሪያው መሠረት ንከሩት። ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል።

ትንሽ ቡናማ የዘንባባ ዛፍ የምትመስል ነገር አለት ላይ በቅላ ካያችሁ አይፕታዚያ ናት፣ ኮራሉን ትናደፋለች። በመቀስ አትቁረጧት፣ ቁራጯ ሁሉ አዲስ ይሆናል። በመርፌ የሎሚ ጭማቂ ውጓት፣ በአንድ ቀን ብዙ አትውጉ።

ዓሣችሁ ታሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከሰጣችሁት በሌላ ባልዲ ይሁን። መዳብ ኮራል ይገድላል፣ አለቱም መጥጦ ያስቀረዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ዞአንቲድ የሚባሉት፣ ጀማሪ ሁሉ የሚወዳቸው ባለቀለም ቁልፍ የመሰሉት፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ስትቆርጧቸው ጓንትና መነጽር አድርጉ። እነሱ ያሉበትን አለት በፍጹም አታፍሉ፣ እንፋሎቱ ቤተሰቡን ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ሞቷል ወይስ አኩርፏል?

የእኔ ሌዘር 11 ቀን ተዘግቶ 12ኛው ቀን ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ። ስለዚህ መዘጋት ብቻውን ምልክት አይሆንም። ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ ከተኮማተረ በሕይወት አለ። ሥጋው እየቀለጠ ከስሩ ከተላቀቀ፣ ወይም አጥንቱ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ አረንጓዴ አልጌ ከበቀለ ያ ክፍል አልቋል፣ ግን ጥጉ ላይ የቀረ ሥጋ ካለ ቆርጣችሁ አድኑት። በጓንት አውጡትና አሽቱት። የባሕር ሽታ ካለው መልሱት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሌላውን ይዞ ሳይሄድ ዛሬውኑ አውጡት።