የሰፈር ስካውት ቡድን ልደቱን ሲያከብር፦ ከድሮው ፎቶ ጀምሩ

የእኛ ቡድን ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ነው። 20ኛ ዓመታችንን ለማክበር ስንነሳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያወራነው ስለ ኬክና ስለ ቲሸርት ነበር። አንድ ቅዳሜ የ13 ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ከእኛ በፊት እዚህ ሰፈር ስካውት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መሪዎቹ ተያየን። የሚያውቅ አልነበረም። ለእኔ በዓሉ የተጀመረው ያን ቀን ነው። እናንተም ልታከብሩ ካሰባችሁ ከዚህች ጥያቄ ጀምሩ፤ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት።

የመጀመሪያው ሥራ የድሮዎቹን መፈለግ ነው። የእድር ስብሰባ ላይ ሄዳችሁ ተነሱና ጠይቁ። ስትጠይቁ «ቦይ ስካውት» በሉ። የሚያውቁት በዚያ ስም ነው። እኔ መጀመሪያ «ስካውት» ብዬ ስጠይቅ ዝም ያሉኝ አንድ አባት «ቦይ ስካውት» ስላቸው ሦስት ጣታቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡኝ። ቀድሞ በአዲስ አበባ የቆዩ ትምህርት ቤቶች የተማሩትን አስቀድሙ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከጣልያን ወረራ በፊት እንኳ ቦይ ስካውቶች ነበሩት። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ስካርፋቸውን አስተካክለው አሰሩ።

ለቃለ መጠይቅ ሁለት ሁለት ልጅ ላኩ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው በስልክ ይቅዳ። ማስቀረጹ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ አስፈቅዱ። «ታሪኩን ይንገሩን» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ እንዲህ ሲባል ሰው ንግግር ማድረግ ይጀምራል። ትንንሹን ጠይቁ። ዩኒፎርሙን ማን ሰፋልዎት? ውጭ ስታድሩ ምን በላችሁ? ጅብ ሲጮህ ማን አለቀሰ? አንድ አባት ቁምጣቸውን እናታቸው ከአባታቸው አሮጌ ካኪ ሱሪ እንደሰፉላቸው ሲነግሩን ድምፃቸው ተቆረጠ። «ልጄ፣ ያን ቁምጣ ለብሼ ያልሄድኩበት መንገድ የለም» አሉኝ። ይህን «ታሪኩን ይንገሩን» ብለን አናገኘውም ነበር።

ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። ሰው ዓመተ ምሕረት ይረሳል፣ ትልልቅ ነገር ግን አይረሳም። «የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 1953 ላይ ቆማችሁ ወደፊትም ወደኋላም መቁጠር ትችላላችሁ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የ1955 ግንቦትና የ1966ቱ አብዮትም እንዲሁ ይረዳሉ። ፎቶ ጀርባ ላይ «1962» የሚል ብታገኙ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳታጣሩ አትለጥፉ። የእኛ ከሆነ አብዮቱ ሊፈነዳ አራት ዓመት ቀርቶታል። የፈረንጆቹ ከሆነ ግን 1954 ወይም 1955 ነው፣ ድርጅቱ እንኳ ገና አልተመሠረተም።

ፎቶ ስትቀበሉ ደብተር ይኑራችሁ። የማን ነው፣ ስንት ነው፣ መቼ ተወሰደ፣ መቼ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ይፈርም። አልበም ላይ የተጣበቀውን ለመንቀል አትሞክሩ። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ፤ ስሞቹ ያሉት እዚያ ነው። ዋናውን ፎቶ ለማንም ማተሚያ ቤት አትስጡ። እኔ ሰጥቼ ነበር። «እንዳይበላሽ» ብለው ላሚኔት አደረጉት፣ ሙቀቱም ግማሹን የአንድ ልጅ ፊት አረፋ አስመታው። ልጁ የባለቤቲቱ ወንድም ነበር፣ ከሞተም ቆይቷል። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤግዚቢሽኑን በዘመን ደርድሩት። እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሳባችኋል። ከአብዮቱ በኋላ ስካውት ተቋርጦ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ለዚያ ጊዜ ፎቶ አታገኙም። አንዳንዱ «እንዝለለው፣ ባዶ ሰሌዳ ያሳፍራል» ይላል። አትዝለሉት። እኛ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ባዶ አድርገን ከላዩ ዓመቶቹን ብቻ ጻፍን። ከጎኑ እርሳስ በክር አንጠለጠልን። «እነዚህን ዓመቶች የት ነበራችሁ?» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ሰው ከኬኩ ይልቅ እዚያ ጋ ተሰለፈ። «አስመራ፣ ብሔራዊ ውትድርና» ብሎ የጻፈ አለ። «ስካርፌን እናቴ ሽንብራ ቋጥራበት ነበር» ያለ አለ። አንዲት እናት የወንድሟን ስም ብቻ ጻፈችና ሄደች። ልጆቹ ያንን ሰሌዳ ቆመው ሲያነቡ አየሁ፣ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

የተረፈው ዝግጅት ቀላል ነው። ለበዓሉ ቀን ብዙ ቡድን የስካውት መሥራቹን የባደን ፓወልን ልደት ይመርጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 15 ላይ ይውላል። ሰውየው የተቀበሩት እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒዬሪ ነው፤ ይህን ለልጆች ንገሯቸው፣ ይወዱታል። ግን አንዳንድ ዓመት ቀኑ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል፣ ረመዳንም ሊገጥም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሽሮና ምስር ሥሩ፣ ለሚጾሙ ሙስሊም ልጆችና ወላጆች ደግሞ ማፍጠሪያቸውን አስቀምጡላቸው። እሑድ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አትጥሩ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ይረፍ።

ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ከእድር ለምኑ፣ አትከራዩ። ብሩን ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። እድሩ እቃውን ካዋሰ ሰዎቹም አብረው ይመጣሉ። የእድሩን ሰብሳቢ ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ድንኳኑን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ስካውቶቹ ይሁኑ። በዚያ ሳምንት ለቅሶ ከገጠመ ድንኳኑ ለሐዘንተኛ ነው። ያኔ ቀኑን ግፉትና ልጆቹን ይዛችሁ ውሃ ለመቅዳት ሂዱ።

በዕለቱ ንግግር አታብዙ። ከክብር እንግዳ አንድ ሰው ይበቃል። ከዚያ ትልቁን የድሮ ስካውትና ትንሿን አዲስ ገቢ ወደ መሃል ጥሩ። እንደ ስካውት ወግ በግራ እጃቸው ይጨባበጡ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ የስካውቱን ቃል ኪዳን ይድገም። የእኛው አዛውንት ግማሹን ረስተውት ነበር። የ8 ዓመቷ ልጅ እጃቸውን ሳትለቅ ቀስ ብላ አንድ አንድ ቃል ነገረቻቸው።

በማግስቱ ማንኪያ ቁጠሩ። ለእድሩ የሚመለሰው እቃ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ፣ የጎደለው ተገዝቶ ይግባ። ፎቶዎቹን በሳምንቱ ውስጥ መልሱ፤ ፖስታ አትላኩ፣ ቤት ድረስ ሂዱ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አዲስ ቅጂ ስጡ። ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ በቅጂው ጀርባ በእርሳስ የሁሉንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። ከቀኑ ጎን «ዓ.ም.» ማለትን አትርሱ።