ከገበያ የወጡ የሺት ፊልም ማጠቢያ ታንኮች፦ ጉድለቱ ያረፈበትን ቦታ አይቶ መንስኤውን ማግኘት

በጥቅል ሳይሆን በነጠላ ሉህ የሚመጣውን ባለ 4 በ5 ኢንች ፊልም፣ አንዴ በጨለማ ታንኩ ውስጥ ከገባ በኋላ መብራት በበራበት ክፍል ለማጠብ የሚያስችሉት ታንኮች ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት ከእጅ ወደ እጅ ነው። 6 ሉህ የሚይዘው የጀርመኑ ኮምቢ-ፕላን፣ 12 ሉህ የሚይዙት የአሜሪካዎቹ ያንኪ አጂታንክና የማይዝግ ብረቱ ኒኮር፣ እንዲሁም ጠፍጣፋው የእንግሊዙ ፓተርሰን ኦርቢታል ሲገኙ ብዙውን ጊዜ መመሪያቸው ጠፍቶ፣ አንድ ክፍላቸው ጎድሎ ወይም ጎማቸው ደርቆ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ከእነዚህ አንዱን የያዘ ሰው ምትክ ሊገዛ አይችልምና የተበላሸውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ፊልም ሲበላሽ ቶሎ የሚጠረጠረው ኬሚካሉ ወይም የፊልሙ ዕድሜ ነው። የእኔ ልምድ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ጉድለቱ በሉሁ ላይ ያረፈበት ቦታ መሆኑን አስተምሮኛል። ያረጀ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሉሁን በሙሉ እኩል ያደክመዋል፤ ታንክ ግን ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ፣ በአንድ ማዕዘን ወይም ሉሁ ተሰክቶ በሚቆምበት በአንድ ቦይ ላይ ነው አሻራውን የሚተወው። ይህን ለማንበብ ፊልሙን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ መጫን ያስፈልጋል። ሉሁን ቁመቱ ወደ ላይ እንዲሆን ይዘው የጠርዙ ቁርጥ ምልክት በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ሲሆን ኢሙልሽኑ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የፊልሙ ገጽ፣ ወደ እርስዎ ይመለከታል፤ እንዲህ እንደተያዘ፣ ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ በቅደም ተከተል ወደ ቦዮቹ ያስገቡት። ይህ ከሆነ ፊልሙ ሲወጣ የትኛው ጫፍ ከታንኩ ወለል፣ የትኛው ከክዳኑ በኩል እንደነበረ በእርግጠኝነት ይታወቃል።

አንዱ ጫፍ ጠቁሮ ሌላው ሲሳሳ፣ ወይም ጠርዙ ሲጠቁር

በኔጋቲቭ (ታጥቦ በወጣው ፊልም) ላይ ያለአግባብ የጠቆረ ቦታ ማለት ዴቨሎፐር አብዝቶ ያገኘ ቦታ ማለት ነው። የታችኛው ጫፍ ከላይኛው ይልቅ ጠቁሮ፣ ጥቁረቱም ቀስ እያለ የሚለወጥ ከሆነ መንስኤው የአሞላሉ ዝግታ ነው። እንደ ኮምቢ-ፕላን ያሉ ታንኮች ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ ስለሚቀበሉና በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስወጡ፣ የሉሁ ታች ቀድሞ ይረጥባል፤ ሲራገፍም ላዩ ቀድሞ ይራቆታልና ሁለቱ ልዩነቶች ታች ላይ ይደማመራሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ታንኩ ለመሙላት 30 ሰከንድ ከፈጀና የማጠቢያው ጊዜ 5 ደቂቃ ከሆነ ልዩነቱ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ ጊዜው 10 ደቂቃ ቢሆን ግን ወደ አንድ ሃያኛ ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ዴቨሎፐሩን ማቅጠን ነው። ዲ-76 ወይም አይዲ-11 የተባለው ዴቨሎፐር ከእኩል ውሃ ጋር ሲቀላቀል ጊዜው ስለሚረዝም የአሞላሉ ስሕተት ይደበዝዛል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው መፍትሄ ታንኩን አስቀድሞ በዴቨሎፐር ሞልቶ፣ በጨለማ ሉሆቹ የሚሰኩበትን ማቀፊያ ከነፊልሞቹ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ማውረድና ክዳኑን መግጠም ነው። እርግጥ ይህን ለማድረግ እጅ አስገብተው ፊልም የሚጭኑበት የጨለማ ከረጢት አይበቃም፤ ጨለማ ክፍል ያሻል። መብራት የጠፋበት ቤት ጨለማ ነው ብለው እንዳይታለሉ። ዓይን ሲለምድ በር ሥር የሚገባው ጭላንጭል ይታያል፤ ዓይን ያየውን ደግሞ ፊልሙ አስቀድሞ አይቶታል።

ጥቁረቱ በሉሁ ሁለት ጎኖች ላይ፣ ቦዮቹ በያዙት ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፈሳሹ በቦዮቹ መካከል ተጣብቦ ስለሚያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አናናጡ ኃይለኛ ሲሆንም ጠርዙ ከመሐሉ አብልጦ ይታጠባል። ተገልብጠው የማይናጡት እንደ ያንኪ አጂታንክ ያሉት ታንኮች ወዲያና ወዲህ ብቻ እየተወዘወዙ ስለሚሠሩ ይህ ጉድለት በብዛት የሚታየው በእነርሱ ነው። ሰው ፊልሙ ሳስቶ ባገኘው ቁጥር ይበልጥ አጥብቆ መናጥ ይቀናዋል፤ ቅቤ የሚወጣ ይመስል። መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። በየደቂቃው መጀመሪያ አንድ ጊዜ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ፣ ፈሳሹ ግድግዳውን ሳይማታ ቀስ ብሎ ማዘንበል ይበቃል። የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ብቻ ያለማቋረጥ ቢንቀሳቀስ ጥሩ ነው።

ምስል የሌለበት ቦታ

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የቦታው ቀለም ነው። ምስል የሌለበት ቦታ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ዴቨሎፐሩም ፊክሰሩም (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) አልደረሱትም፤ ሁለት ሉሆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጣብቀው ነበር ማለት ነው። ቦታው እንደ መስታወት ጠርቶ ከሆነ ግን ፊክሰሩ ደርሶታል፣ ዴቨሎፐሩ አልደረሰውም፤ ሉሆቹ በመሐል ተላቀዋል ወይም አየር ታግቶ ነበር። ወተት የመሰለውን በአዲስ ፊክሰር ደግሞ ማጥራት ይቻላል፣ ምስሉ ግን አይመለስም።

በአንድ ወቅት ጢስ ዓባይ ላይ ካነሣኋቸው ሉሆች ሁለቱን ሳላውቅ በአንድ ቦይ አስገብቻቸው ነበር። የአንዱ ፏፏቴ በሙሉ ወተት ሆኖ ወጣ፤ ሌላው በጀርባው ስለተጣበቀ ምስሉ ድኖ ጀርባው ላይ ብርሃን እንዳይንጸባረቅ የተቀባው ማቅለሚያ ቀረበት። ከዚያ ወዲህ ሉህ ባስገባሁ ቁጥር በጣቴ ጠርዞቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ እቆጥራለሁ። ለልምምድ የተበላሸ ሉህ ይያዙና መጀመሪያ ዓይንን ከፍቶ፣ ቀጥሎ ጨፍኖ፣ በመጨረሻም በከረጢቱ ውስጥ ይጫኑ። በቦዩ ውስጥ የቀረች ጠብታም ሉሁን መንገድ ላይ ስለምትይዘው ማቀፊያው ከዋዜማው ታጥቦ ደርቆ ማደር አለበት። እንደ ኮምቢ-ፕላን ባሉት ላይ ሉሆቹን ከላይ የምትይዘው ማገጃ ከጠፋች ፊልሞቹ ሲናጡ ተንሳፍፈው ከቦያቸው ይወጣሉ፤ ይህች ቁራጭ የሌለችበትን ታንክ ምትኳን ሳይሠሩ አይጠቀሙበት።

ጠርቶ የቀረው ቦታ በላይኛው ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ከሆነ ፈሳሹ አንሷል። የታንኩ ልክ በግምት አይያዝ፤ ማቀፊያውን ከአሮጌ ሉህ ጋር ከትተው ሉሁን አንድ ሴንቲሜትር ያህል እስኪያልፍ ውሃ ይሙሉና ውሃውን ለክተው ቁጥሩን በታንኩ ጎን ላይ ይጻፉ። ኮምቢ-ፕላን አንድ ሊትር ያህል ይፈልጋል። የፈሳሹ መጠን ስለ መሸፈን ብቻም አይደለም፤ 4 ሉህ ባለ 4 በ5 ፊልም ከአንድ ባለ 36 ጥቅል ጋር የሚተካከል ስፋት አለው። 12 ሉህ በአንድ ጊዜ ማጠብ 3 ጥቅል እንደ ማጠብ ነውና፣ በቀጠነ ዴቨሎፐር ሁሉም ሉሆች እኩል ሳስተው ከወጡ ታንኩን ሳይሆን ይህን ሒሳብ ይጠርጥሩ። በየቦታው የተበተኑ ጥቃቅን ክብ ነጠብጣቦች ደግሞ የአየር አረፋ ናቸው፤ ታንኩ እንደ ሞላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መምታት ያስወግዳቸዋል።

ጀርባው ላይ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ልጣፍ ሲቀር

ይህ የኦርቢታል ዋና አመል ነው። ኦርቢታል በጥቂት ፈሳሽ 4 ሉህ ባለ 4 በ5፣ ወይም አንድ ባለ 8 በ10 ያጥባል፤ ነገር ግን ሉሁ ኢሙልሽኑ ወደ ላይ ሆኖ በለስላሳ ወለል ላይ ስለሚተኛ ጀርባው ከወለሉ ጋር ይጣበቃል፣ ብርሃን እንዳይንጸባረቅ የተቀባው ማቅለሚያም ሳይለቅ ይቀራል። መፍትሄው የወለሉን ልስላሴ መስበር ነው። በሻካራ የአሸዋ ወረቀት ወለሉን በሁሉም አቅጣጫ መፋቅና ፍቅፋቂውን አጥቦ ማውጣት ለፈሳሹ መግቢያ ይከፍትለታል። ቀድሞ የተበላሸው ሉህም ወደ ውሃ ተመልሶ በሳፋ ውስጥ ለብቻው ቢዘፈዘፍ ማቅለሚያው አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል።

ጭጋግና ፍሳሽ

ጭጋጉ፣ ማለትም ፊልሙን የሚያለብሰው ግራጫ ጥቁረት፣ ከአንድ ማዕዘን ወይም ከክዳኑ በኩል የሚጀምር ከሆነ ብርሃን እየገባ ነው። በጨለማ አንድ ሉህ በአራት ቀደው አንዱን ቁራጭ በባዶው ታንክ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ታንኩን ዘግተው ፀሐይ ላይ 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ ቁራጩን እንደ ወትሮው ይጠቡት። ከጠቆረ ጥርጣሬው እውነት ነው። የተሰነጠቀ ጥቁር ፕላስቲክ ከውጭ በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ይሸፈናል። ጭጋጉ ሉሁን በሙሉ እኩል ከሸፈነው ግን ታንኩን ትተው ፊልሙን የጫኑበትን ጨለማ ይመርምሩ። በከረጢት ፈንታ ጋቢ ደርቦ የሠራ ወዳጅ አለኝ፤ ጋቢ ብርድ እንጂ ብርሃን አይከለክልም።

ፍሳሽ የሚመጣው ከደረቀ ጓርኒሲዮን ነው። ታንኩን ውሃ ሞልተው ክዳኑን በደረቅ ሶፍት ከበው ሲገለብጡት የረጠበው ጎን ስንጥቁን ያሳያል። የባሕር ዳር ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ብስክሌት በበዛበት ከተማ ያረጀ ካላማዳሪ አይጠፋም። ከእርሱ በአሮጌው ጎማ ልክ ቀለበት ቆርጦ፣ ዱቄቱን በሳሙና አጥቦ መግጠም ይቻላል። ቀለበቱ ከወፈረ ክዳኑ እስከ መጨረሻው አይገጥምምና ብርሃን ይገባል፤ ስለዚህ ከጥገና በኋላ የፀሐዩ ሙከራ ይደገም። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ ታንኩን መገልበጥ ትቶ በሳፋ ውስጥ አቁሞ ማዘንበል ከሚያፈስ ታንክ ጋር ከመታገል ይሻላል።

ጎጃም ውስጥ የሚለየው ነገር፦ ሙቀትና ውሃ

አንዱ ቀን ያጠቡት ጠቁሮ ሌላው ቀን ያጠቡት ከሳሳ፣ ታንኩም ፊልሙም አንድ ከሆነ፣ ቴርሞሜትሩን ያንሡ። የማጠቢያ ሰንጠረዦች የሚነሡት ከ20 ዲግሪ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ባሕር ዳር ላይ ከጣሪያ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ከሰዓት በኋላ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ የጮቄ ተራራ ብርድ በሚወርድበት ማለዳ ውሃው እጅ ያደነዝዛል። በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልግ ፊልም በ24 ዲግሪ 7 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ በብርቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ሃይድሮኪኖን የተባለው የዴቨሎፐሩ ክፍል ሥራውን ስለሚያቆም ጊዜ ማርዘም ብቻውን አይጠግነውም።

አንድ ሊትር ፈሳሽ የያዘ ታንክ ከትንሽ የጥቅል ታንክ ይልቅ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ለባሕር ዳር የኬሚካል ጠርሙሶቹን በእንስራ ባደረ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ እንስራ ውሃውን በላቡ ያቀዘቅዘዋል። ለደብረ ማርቆስ ያው ሳፋ ለብ ባለ ውሃ ይሞላል። ዴቨሎፐሩን፣ የእርሱን ሥራ የሚያስቆመውን ማቋረጫ፣ ፊክሰሩንና የመለቅለቂያውን ውሃ ወደ አንድ ሙቀት ማቅረብ አይዘንጋ፤ በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ካለ ኢሙልሽኑ ሊሸበሸብ ይችላል።

በክረምት ውሃው ሲደፈርስ በፊልሙ ላይ ደቃቅ አፈር ይቀራል፤ ውሃውን አፍልቶ፣ ሌሊቱን አስተኝቶ፣ ላዩን ብቻ ቀድቶ በጥጥ ማጥለል ይረዳል። ለመጨረሻው መለቅለቂያ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ሲገዙ ግን አሲዱ አለመሆኑን ደጋግመው ይጠይቁ፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣሉና። ውሃው ቶሎ እንዲንሸራተት የሚጨመረው ማርጠቢያ ፈሳሽ ከታንኩ ውስጥ አይግባ። ቅሪቱ በቦዮቹ ላይ ስለሚደርቅ በሚቀጥለው ጊዜ አረፋ ይሠራል፣ ሉሁንም ያጣብቃል። ሉሆቹን አንድ በአንድ አውጥተው በሌላ ሳፋ ይንከሯቸው፤ ከዚያ በአንድ ማዕዘናቸው በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አቧራ በማይነሣበት ክፍል ይደሩ።