አንድ ጉርሻ የምታክል የካርኒቫል ጣፋጭ፣ ዘይት ሳትጠጣ

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት ኬክ አልፈልግም አለች። የፈለገችው ውጭ አገር ካርኒቫል በሚሉት የመዝናኛ ባዛር ላይ የሚሸጡትን፣ በዘይት ተጠብሰው ስኳር የሚነሰነስባቸውን ትንንሽ ጣፋጮች ነበር። ቪዲዮ ላይ አይታ ነው። ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ ምን ይከብዳል ብዬ ገባሁበት። የመጀመሪያውን ሳህን ሳቀርብ አንዷን አንስታ ነከሰች። ከዚያ ጣቶቿን አየት አደረገች። ያብለጨልጫሉ። «እማዬ፣ ዘይት ዘይት ይላል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሊጡ ምንም አላጠፋም፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል ነው የከተትኩት፣ ያውም አሥራ አምስት ያህሉን በአንዴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ የሊጡን መጠን ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን ሁሌም ስለ ዘይቱ ነው የምመልሰው። ሊጡን ማንም ያቦካዋል። ዘይቱን ያወቀ ግን የፈለገውን ይጠብሳል።

መጀመሪያ ዘይቱ

የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ አውጡት። ከሌላችሁ፣ ለጥብስ ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ እሱን አስቀድሙ። የምንፈልገው ከ180 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስትለኩ ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ፤ ከነካ የሚነግራችሁ የብረቱን ሙቀት ነው።

ለምን 180? ሊጥ ውስጥ ውሃ አለ። የጋለ ዘይት ሲያገኘው ያ ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ እየገፋ ይወጣል። ዙሪያውን የምናየው አረፋ እሱ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጪ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባት ይቸግረዋል። በዚያው ቅጽበት ውጪው ይደርቅና ቀጭን ቅርፊት ይሠራል። ዘይቱ ለብ ያለ ከሆነ ግን ቅርፊቱ ቶሎ አይያዝም፣ ሊጡም ዘይቱ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። የልጄን ጣት ያብለጨለጨው ይኸው ነው። ከ200 ካለፈ ደግሞ ውጪው ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ሊጥ ይቀራል።

ትንንሽ አድርጎ መሥራት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉርሻ የምታክል ሊጥ ቅርፊቷ ቡናማ በሚሆንበት ጊዜ ውስጧም በስሎ ይጠብቃል። ትልቁ ጥብስ ግን መሀሉ እስኪበስል ውጪው ያርራል። ለጀማሪ ትንሹ ይቀላል።

ቴርሞሜትር የለኝም ላላችሁ፣ የእንጨት ማማሰያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ስደዱ። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ ትንንሽ አረፋ ካወጣ ደርሷል ማለት ነው። ወይም ከዳቦ ላይ አንዲት ቁራሽ ቁረጡና ጣሉ። በ1 ደቂቃ ገደማ ወርቃማ ከሆነች 180 አካባቢ ናችሁ።

ድስቱ ቂጡ ወፍራም፣ ጎኑ ከፍ ያለ ይሁን። ዘይቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ከድስቱ ግማሽ ግን በፍጹም አይለፍ፣ አረፋው ሲነሳ ይገነፍላል። የሱፍ፣ የበቆሎ ወይም የኦቾሎኒ ዘይት ጥሩ ነው። ያልተጣራ የወይራ ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ቶሎ ይጨሳል፣ ጣዕሙም ስኳሩን ይጋፋል።

በአንድ ጊዜ ከአምስት ወይም ስድስት አትበልጡ። ይሄን የምለው ቴርሞሜትሩን እያየሁ ስለተማርኩት ነው። አሥር ስከት ከ185 ተነስቶ 160 ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ስከት ትንሽ ዝቅ ይልና ወዲያው ይመለሳል። አንዱ ዙር ከወጣ በኋላ ቀጣዩን ለመክተት አትቸኩሉ። 180 እስኪመለስ ጠብቁ።

ስለ እሳት ሳልናገር አላልፍም። ዘይቱ መጨስ ከጀመረ ምድጃውን አጥፉ። እሳት ከያዘው ውሃ እንዳትደፉበት። ውሃው ከታች ገብቶ ባንዴ እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍታችሁ በብረት ክዳን ክደኑት፣ እስኪቀዘቅዝም አትንኩት፣ ድስቱንም ከቦታው አታንሱ። እኔ ስጠብስ ክዳኑ ሁሌም በእጄ ሥር ነው። ልጄ መነስነሱን እንጂ መጥበሱን አትረዳኝም። የድስቱ እጀታም ወደ ግድግዳው ነው የሚዞረው።

የፈነል ኬክ ፍርፋሪ

ፈነል ኬክ የካርኒቫሎቹ ንጉሥ ነው። ወደ ካርኒቫል የመጣው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ከሠፈሩት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ማዕድ ነው። ስሙ የመጣው በእንግሊዝኛ ፈነል ከሚባለው ዕቃ ነው፤ ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥ የምንጠቀምበት፣ አፉ ሰፊ ጭራው ቀጭን የሆነው ማለት ነው። ቀጭን ሊጥ በዚያ ውስጥ እየፈሰሰ ዘይቱ ላይ ይጠመዘዛል። እዚያ ሳህን የሚያህል ነው የሚሠሩት። እኛ የምንሠራው የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ነው።

አንድ ዕንቁላል፣ 160 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ምቱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ጨምሩ። ሌላ ሳህን ላይ 155 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉና በወንፊት እየነፋችሁ ከፈሳሹ ጋር አዋህዱት። ብዙ አትምቱት። ብዙ የተመታ ሊጥ ሲጠበስ እንደ ጎማ ይሳባል። ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ክር ከወረደ ልክ ነው። እየተንጠባጠበ ከወረደ ወፍሯል፤ ወተት ጠብ አድርጉበት።

አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዚያ ካቻፕ በሚቀመጥበት ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩት። ጠርሙሱ ከሌለ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ሙሉና ጥጉን በመቀስ ትንሽ ቁረጡ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል። እጃችሁን ወደ ዘይቱ ዝቅ አድርጋችሁ ጨመቅ እያደረጋችሁ ትንንሽ ቀለበትና ጥምዝ ሥሩ። ከላይ ከፍ ብላችሁ ከለቀቃችሁት ይፈናጠራል።

ሊጡ መጀመሪያ ወደ ታች ይሰምጣል። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቆይቶ እየተነፋ ይመጣል። ያኔ ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንደ ኃይለኛ ዝናብ ነው። 1 ደቂቃ ሳይሞላው ጠርዙ ወርቅ ይመስላል፣ ገልብጡት። ሌላውም ጎን እንዲሁ። ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲለወጥ ውሃው እየወጣ አልቋል ማለት ነው። እኔ አሁን አሁን ከሰዓቱ ይልቅ ይሄን ድምፅ ነው የማምነው። ካፊያ ሲሆን በቀዳዳ ጭልፋ አወጣለሁ።

ስታወጡ ክምር አታድርጉ። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ አብዛኛው ዘይት ወደ ውስጥ የሚገባው ከድስቱ ከወጣ በኋላ ነው። ጥብሱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው እንፋሎት ይረግብና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ጭልፋውን ድስቱ ላይ ሁለቴ ነቅነቅ አድርጉት፣ ቶሎ ወፍራም ሶፍት ላይ በአንድ ረድፍ ዘርጉት፣ አንዴ አገላብጡት። ከዚያ ወደ ሽቦ ወንፊት አዛውሩት። ሶፍቱ ላይ ከቆየ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል።

ቹሮስ፣ ግን ኮከብ አፍ ባለው

ቹሮስ ረዘም ተደርጎ የሚጠበስ የስፔን የሊጥ ጣፋጭ ነው፣ ዛሬ ግን ካርኒቫል ያለበት ሁሉ አለ። ሊጡ በእሳት ላይ ይዘጋጃል። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍሉ። ሲፈላ 125 ግራም ዱቄት በአንዴ ጨምሩና በእንጨት ማማሰያ ጠንክራችሁ አማስሉ። ሊጡ ተሰብስቦ ከድስቱ ሲላቀቅ አውርዱት። አምስት ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ትኩስ እያለ ዕንቁላል ከጨመራችሁበት ዕንቁላሉ ይበስልና ሊጡ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ታያላችሁ። ከዚያ አንድ ዕንቁላል ጨምሩና እስኪዋሃድ ምቱ። መጀመሪያ ይቆራረጥና የተበላሸ ይመስላል። አትደንግጡ፣ ምቱት፣ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሊጡን በኬክ ማስጌጫ ከረጢት ስትሞሉት አፉ ኮከብ ቅርጽ ያለው ይሁን፤ ክብ አፍ አይሁን። ለውበት የሚመስለው ሰው አለ። ለውበት ብቻ አይደለም። ልሙጥና ወፍራም ቹሮስ ውጪው ቀድሞ ይደርቅና እንፋሎቱ ውስጥ ይታፈናል። መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል፣ የጋለ ዘይትም ይረጫል። የኮከቡ ጎድጎዶች ውጪው እኩል እንዲበስልና እንፋሎቱ እንዲተነፍስ ይረዳሉ። በቺሊ አንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2004 የቹሮስ አሠራር አውጥቶ፣ እሱን ተከትለው የሠሩ ሰዎች ሊጡ ፈንድቶባቸው ተቃጥለዋል። ዘይቱ ከመጠን በላይ እንዲግል ያደርግ ነበር አሠራሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ጋዜጣው ካሣ እንዲከፍል ተወስኗል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ በላስቲክ ከረጢት ቹሮስ መሥራት ትቻለሁ። ለፈነል ኬኩ ቀጭን ሊጥ ላስቲኩ ይበቃል፣ ለቹሮስ ግን አይሆንም።

ሊጡን ስትሞሉ አየር እንዳይቀር ከረጢቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ታች ግፉት። ዘይቱ 180 ይሁን። ከድስቱ በላይ እየገፋችሁ በዘይት በተቀባ መቀስ በ3 ሴንቲ ሜትር በ3 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። አምስት ስትቆርጡ አቁሙ። ሦስት ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ ጥበሱ። ቀለሙ ከፈነል ኬኩ ጠቆር ማለት አለበት። ፈዛዛ እያለ ከወጣ ውስጡ እርጥብ ነው።

ቀረፋ ስኳሩን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ 100 ግራም ስኳር ከ1 የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ ጋር። ቹሮስ ሙቅ እያለ ነው የሚንከባለለው። ሲቀዘቅዝ ስኳሩ አይዘውም።

ብስኩቱ

ይሄኛው ሥራው ትንሽ ነው። ኦሪዮ ወይም ማንኛውንም መሀሉ ክሬም ያለው ብስኩት ቢያንስ 2 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩ። ካልቀዘቀዘ ክሬሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀልጥና ይበተናል። ከፈነል ኬኩ የተረፈውን ሊጥ ውሰዱና ዱቄት እየጨመራችሁ አወፍሩት፤ ብስኩቱን ስትነክሩት ሸፍኖት መንጠባጠብ እስኪያቆም ድረስ። 185 ላይ በየጎኑ 1 ደቂቃ። ውስጡ ያለው ብስኩት ለስልሶ እንደ ኬክ ይሆናል፤ ልጆቹ አይተው የማይጠግቡት እሱን ነው። ትልቁ ብስኩት ለአንድ ጉርሻ ስለሚበዛ እኔ ትንሹን ዓይነት ነው የምገዛው።

በዚህ መንገድ የማይጠበስ ነገር የለም። በአሜሪካ፣ የቴክሳስ ስቴት ፌር በሚባለው ዓመታዊ ትልቅ ባዛር ላይ ኤቤል ጎንዛሌስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 የኮካ ኮላ ጣዕም ያለው ሊጥ ጠብሶ አቅርቦ ሽልማት አግኝቷል። በ2009 ደግሞ ቅቤ ጠብሷል። እኔ እዚያ አልደረስኩም። የሙዝ ቁራሽ ግን ሞክሩ፤ ብስለቱ መካከለኛ፣ ላዩ በሶፍት የደረቀ ሙዝ። እርጥብ ነገር ሊጡን አይዝም፣ ዘይቱንም ያፈናጥራል።

የዱቄት ስኳር መቼ?

ፈነል ኬኩና ብስኩቱ ላይ የሚነሰነሰው የዱቄት ስኳር ነው። በጣም ሙቅ ላይ ከነሰነሳችሁት ይቀልጥና ይጠፋል። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በሻይ ማጥለያ ከላይ ነፋ ነፋ። ይሄ የልጄ ሥራ ነው። ጠረጴዛው ከጣፋጩ እኩል ይነጣል፣ ግን ደስታዋን ስለማይ ምንም አልላትም።

እንግዳ ቀድሞ ካልደረሰ ጥብሱን በወንፊት ላይ ደርድራችሁ 95 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ አስቀምጡት፣ እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። አትክደኑት። ስኳሩን በኋላ ነው የምትነሰንሱት። ለነገ የተረፈውን ደግሞ ማይክሮዌቭ ያልፈሰፍሰዋል፤ 180 ኦቨን ውስጥ አምስት ደቂቃ ይሻለዋል።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥሉትና ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ጣፋጭ ብቻ የተጠበሰበት ዘይት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ይሠራል። ከጠቆረ፣ ከተዝለገለገ ወይም ሽታው ከተለወጠ ግን ይብቃው። የእቃ ማጠቢያ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ ረግቶ ይዘጋዋል። ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑን አጥብቃችሁ ከቆሻሻው ጋር አውጡት።