ኤምጂቢ ይዞ ሩቅ መንገድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናዬ የ1972 ኤምጂቢ ጂቲ ናት፤ ኤምጂ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራት አሮጌ ስፖርት መኪና (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከለንደን ተነስታ የስኮትላንድን ሰሜናዊ ዳርቻ ሁለት ጊዜ ዞራ ተመልሳለች። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን መንገድ ላይ ቀረ። በሌላ መኪና ጀርባ ተጭና ነው የተመለሰችው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "አሮጌ ስለሆነች ነው" አለኝ። ዕድሜዋ ግን ምንም አላደረገም። ያስቀራት ጉዞው ሲቃረብ የነካካሁት ነገርና ከዚያ በፊት ችላ ያልኩት ነገር ነው።

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከኦክስፎርድ ብዙም በማትርቀው በአቢንግደን ተመረተች። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች መለዋወጫዋ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ሞተሯ 1798 ሲሲ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ኤስዩ ካርቡራተር። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ለረጅም መንገድ የማትሆን መኪና አይደለችም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ወይ እኔ ሠርቻቸዋለሁ፣ ወይ ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ። አብዛኞቹ እንደ ትራያምፍና ኦስቲን ሂሊ ላሉ ሌሎች አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎችም ይሠራሉ።

ጉዞው ነገ ሲሆን ዛሬ ማታ መፍታት

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ዋዜማ የራዲያተሩን ቱቦዎች በሙሉ በአዲስ ለወጥኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። በነጋታው አንድ ሰዓት ያህል እንደነዳሁ የሙቀት መለኪያው መውጣት ጀመረ። ቆሜ ስከፍት የላይኛው ቱቦ ጫፍ እንፋሎት ይተፋል። አዲስ የቱቦ ጎማ መጀመሪያ ሲሞቅ ይለሰልስና ይረጋል፤ አጥብቄ ያሰርኩት ፋሼታም (የቱቦው የብረት ማሰሪያ) ላላ። በካቻቢቴ ሁለት ዙር ማጥበቅ በቂ ነበር። ግን ሰፈሬ ውስጥ ሁለት ቀን ነድቼ ቢሆን ኖሮ እቤቴ ደጃፍ ላይ አየው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አዲስ ሥራ አልጀምርም። የተሠራው ሁሉ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ይነዳበታል። ከዚያ እያንዳንዱን ፋሼታ፣ የቸርኬ ዳዶና የካርቡራተር ብሎን እንደገና እነካለሁ። ዋዜማው ላይ የሚፈቀደው ዘይት፣ ውሃና የጎማ ንፋስ ማየት ብቻ ነው።

ዓመቱን አቁሞ በበጋ ሩቅ መሄድ

ብዙ ሰው መኪናዋን የሚያሳርፋት መስሎት ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ያቆማታል። ስትቆም ቤንዚኑ ይበላሻል፣ የፍሬን ፒስተን ይይዛል፣ ጎማው ቅርፁን ያጣል፣ የሽቦ መገጣጠሚያው ይዝጋል። አንዳንዱ ደግሞ በሳምንት አንዴ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ያሠራትና ያጠፋታል። ይህ ጭራሽ ይብሳል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ የፈጠረው እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። መንገዱ ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ያልተበተነበት ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ንዷት። የውሃው መለኪያ መሞቁን ቢያሳይም ዘይቱ ገና ነው፤ እሱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው።

ምክንያቱን ሳያገኙ ዕቃ መለወጥ

ወደዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ልመለስ። ቱቦውን አጥብቄ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ወደ ስኮትላንድ የሚወስደው ኤም6 አውራ ጎዳና በሰሜን እንግሊዝ ሻፕ የምትባል መንደር አካባቢ ሲደርስ ከፍ ይላል። ዝናብ ነበር። ሞተሩ አንዴ ተንተባተበ፣ ከዚያ ጠፋ። ዳር ይዤ ቁልፉን እንደገና ሳዞር ከኋላ መሰማት ያለበት ድምፅ የለም።

የኤምጂቢ የቤንዚን ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኤስዩ ነው። ከመኪናዋ ሥር፣ ከኋላ በቀኝ ጎማ አጠገብ ይገኛል። ቁልፉ ሲዞር "ቲክ ቲክ ቲክ" ይላል። ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ያዘግምና ዝም ይላል። ውስጡ የሚነካካ ትንሽ ፑንቲና አለው፤ እሱ ሲቆሽሽ ፓምፑ ይቆማል። በክሪክ እጀታ ቀስ ብዬ ስመታው ተነሳ። 10 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ቆመ። መታሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ጨለመብኝና ስልክ ደወልኩ።

ቤት ስገባ አዲስ ፓምፕ ገዝቼ ገጠምኩ። ለሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ በሌላ ዝናባማ ቀን እንደዚያው ቆመ። ያኔ ነው ቴስተር ይዤ ከሥሯ የተኛሁት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የፓምፑ ማሳ (ኤሌክትሪኩን ወደ ቦዲው የሚመልሰው ሽቦ) ላይ፣ ሌላውን የተፋቀ ብረት ላይ አድርጌ ቁልፉን አስዞርኩ። ፓምፑ እየሠራ ንባቡ ወደ ዜሮ መቅረብ ነበረበት። የኔ ከ4 ቮልት በላይ አለ። ወደ ቦዲው የሚመለሰው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓምፑ አንዴም አልቆመም። አሮጌውን ፓምፕ ስሞክረው እሱም ደህና ነበር። አሁን መጠባበቂያዬ ነው።

የእነዚህን መኪናዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው ሉካስ ስሙ ክፉኛ ጠፍቷል። በኔ ልምድ ግን ከአሥር ችግር ስምንቱ ማሳ ወይም የሽቦ መገጣጠሚያ ነው። እንደ ጥይት ቅርፅ ያላቸውን ትንንሽ ማያያዣዎች አንድ በአንድ ነቅሎ ማጽዳት አንድ ቅዳሜ ይፈጃል። ለመኪናዋ ከምታደርጉላት ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ወጪውም እምብዛም ነው።

ፊውዝም ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። በጥንቱ የመስታወት ፊውዝ ላይ 35 አምፔር የሚል ታያላችሁ። ያ የሚቃጠልበት ልክ ነው። ያለማቋረጥ የሚችለው 17 ነው። ዘመናዊውን 35 ገዝታችሁ ከከተታችሁ ግን ያለማቋረጥ 35 ይሸከማል፤ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቃጠላል። ከ1967 በፊት የተሠራች ከሆነች ደግሞ ቦዲው የሚታሰረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር መሆኑን አትርሱ። ይህን ሳያዩ ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ማስገባት ዕቃውን ማቃጠል ነው።

የሚሠራውን አሮጌ ዕቃ መጣል

"ለጉዞው አዲስ ይሁንላት" ብሎ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ዕቃዎች፣ ማለትም ፑንቲናውን፣ ኮንደንሰሩንና ሮተሩን፣ በአንድ ቀን መለወጥ የተለመደ ነው። የዛሬው ርካሽ ኮንደንሰርና ሮተር ግን ከድሮው ያነሰ ጥራት ያለው ብዙ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲሞቅ ይከዳል። ለሁለት ዓመት የሠራ ኮንደንሰር ካላችሁ እሱ የተፈተነ ዕቃ ነው። ተዉት ይሥራ። አዲሱን ግዙ፣ ገጥማችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ አውጥታችሁ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጡት።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

እዚህ ለንደን የማከብራቸው አንድ ኢትዮጵያዊ መካኒክ አሉ። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። መኪናዬ አቀበት ላይ ስትሞቅ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ክዳን፣ ላወጣው ነው አልኳቸው።

"ምን አጠፋ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኛ አገር ሁሉም ያወጡታል እኮ።"

"ያወጡታል። እኔም አውጥቼ አውቃለሁ። ራዲያተሩ ተደፍኖ እያለ ነው እሱን የምንከሰው፣ ልጄ።"

ከዚያ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ውሃ ውስጥ ከተቱት፤ አጠገቡ ቴርሞሜትር። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። 82 ዲግሪ ሲደርስ መሐሉ ያለው ክዳን በዝግታ ከፈት አለ። ልክ በተሠራበት ቁጥር። ጥፋቱ ራዲያተሩ ነበር። ገልብጠን በውሃ ስናጥበው የወጣው ጭቃ ቡና አተላ ይመስላል።

ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሙቀቱን አይጠብቅም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱን ያቆሽሻል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። ዋናው በሽታም እዚያው እንዳለ ነው። የራዲያተሩን ክዳንም እዩ። ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

"ዘመናዊ ዘይት ይሻላል" ማለት

አንድ ጋራዥ ውድ የሆነ ቀጭን ዘይት ሞልቶልኝ ነበር፤ በደግነት ነው ያደረጉት። የዘይት ግፊቱ ሲሞቅ ወረደ፣ መንጠባጠቡም ጨመረ። ይህ ሞተር የተሠራው 20ደብልዩ50 ለሚባለው ወፍራም ዘይት ነው። ዚንክ ያለበትን፣ ለአሮጌ ሞተር ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ፤ ካምሻፍቱ ያንን ይፈልጋል።

ካምቢዮውም የሚጠቀመው ይህንኑ የሞተር ዘይት ነው። ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ስትነዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካላት ሁለቱ አንድ ዘይት ይጋራሉ። እዚያ ውስጥ "ሰበቃ ይቀንሳል" የሚባል ተጨማሪ ፈሳሽ በጭራሽ አትጨምሩ። ኦቨርድራይቩ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ሲንሸራተት ምን እንደምታጡ በቁጥር ላሳያችሁ። በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ ስትነዱ ሞተሩ በደቂቃ 3,900 ገደማ ይዞራል። ኦቨርድራይቩ ሲገባ ወደ 3,200 ይወርዳል። ለስምንት ሰዓት መንገድ ይህ ለጆሮም ለሞተሩም ትልቅ ልዩነት ነው።

ማንኛውም ቤንዚን አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ብሪታንያ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን ኢ10 ነው፤ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ለዚህ ያልተሠራ የቤንዚን ቱቦ ጎማ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ከሞተሩ በላይ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ጣጣው እሳት ነው። ቱቦዎቹን ለኤታኖል በተሠራ ለውጡ፣ ባላችሁበት ሱፐር የሚባለውን ኢ5 (ኤታኖሉ እስከ 5 በመቶ የሆነውን) ቅዱ። ገጠር ስኮትላንድ ማደያ ስለሚራራቅ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ሙሉት፤ ሱፐሩ ሁሉም ጋ አይገኝም።

እርሳስ ያለበት ቤንዚን በ2000 መጀመሪያ ላይ ከገበያ ወጥቷል። እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ይጠብቅ ነበር። ለሰፈር መንገድ ችግሩ አይታይም። ሰዓታት ሙሉ በአውራ ጎዳና ሲነዳ ግን መቀመጫው ይበላል፤ የቫልቭ ክፍተቱም ይጠብባል። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ጠንካራ መቀመጫ ገብቶለት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። ካልገባለት ከጉዞው በፊትና በኋላ ክፍተቱን ለኩ።

ጎማን በጥርሱ ብቻ መመዘን

እነዚህ መኪናዎች በዓመት ጥቂት ስለሚሄዱ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። 3512 ካለ በ2012 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ካለፈው እኔ አልጓዝበትም። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) እዩ። ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው።

ቸርኬው ባለ ራጂ ከሆነ ጎማውን አንሥታችሁ እያንዳንዱን ራጂ በቁልፍ እጀታ ነካ ነካ አድርጉ። የተወጠረው እንደ ክራር ክር ይጮሃል። የላላው "ዱክ" ይላል። ሁለት ሦስት "ዱክ" አንድ ቦታ ከሰማችሁ ያ ቸርኬ ሩቅ አይሄድም።

ምርመራ አልተጠየቅኩም ብሎ ፍሬኑን መተው

ከሜይ 2018 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነና ብዙ ያልተለወጡ መኪናዎች ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱም። እኔ ግን በየዓመቱ በፈቃዴ አስመረምራለሁ። የምከፍለው ለሌላ ሰው ዓይን ነው።

የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥብ ፈሳሽ ሲግል ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት። የጎማ ቱቦዎቹ ደግሞ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ እግራችሁን ብታነሱም ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ስኮትላንድ ውስጥ አፕልክሮስ አጠገብ ያለው ቢያላህ ና ባ የሚባል የተራራ መንገድ 626 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣና በጠመዝማዛ ይወርዳል። እዚያ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትያዙ፤ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ።

የፊት እግሮቹንም ግራሶ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አጠጡ። በያንዳንዱ ጎን ሦስት ኒፕል (ግራሶ የሚገባበት ትንሽ አፍ) አለ፤ አንዱ ከተደፈነ ነቅላችሁ በአዲስ ለውጡት።

ጋራዡን ሙሉ መጫን

ጓደኛዬ ዲናሞና የካርቡራተር ክፍል ሳይቀር ጭኖ አየሁት። የኋላ ባሌስትራው ተለጠጠ። እኔ የምይዘው አንድ ትንሽ ሣጥን ነው፦ ቺንጋ፣ የላይና የታች ቱቦ፣ ሮተር፣ ኮንደንሰር፣ ፑንቲና፣ አራት ካንዴላ፣ ቦቢና፣ አሮጌው ፓምፕ፣ የጋዝ ፔዳል ገመድ፣ ፊውዝ፣ ሽቦ፣ ቴስተር፣ አምስት ሊትር ውሃ፣ ሁለት ሊትር ዘይት። የማልገጥመውን ዕቃ አልይዝም።

በጉዞው ጠዋት ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ቁልፉን አዙሩ፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አታስነሱ። መስኮቱን ከፍታችሁ ፓምፑን አድምጡ። ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ያዘግማል፣ ዝም ይላል። ዝም ካላለ ወይ ቤንዚን የሚፈስበት ቦታ አለ፣ ወይ አየር ይስባል፤ ወርዳችሁ ፈልጉት። ዝም ካለ አስነሱና ሂዱ።