የተደፈነ ቦይ ይዞ ቀበሌ መግባት፦ ለሰፈር ወጣቶች የዜግነት ትምህርት እንዴት ይሰጣል?

ስለ ዴሞክራሲ ትርጉም ሁለት ሰዓት ሲነገረው የሚያንቀላፋ ወጣት፣ «ከቤታችሁ በታች ያለውን ቦይ መጠገን የማን ሥራ ነው?» ሲባል ቀና ይላል። ትምህርቱን ከዚህ መጀመር ይሻላል፤ አንድ የሰፈር ጉዳይ ተይዞ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እስኪሆን ድረስ መከተል ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ስለተቀመጠች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ደለልና ፌስታል እየገፋ የታችኛውን ሰፈር ቦይ ይደፍነዋል። ጉዳያችሁ ቦኖ ወይም የመንገድ መብራት ቢሆንም፣ ኮምቦልቻ ብትሆኑም፣ አካሄዱ ያው ነው።

ሰው መሰብሰብ

ከ15 እስከ 20 ወጣት ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ግማሹ ተመልካች ይሆናል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ይመቻል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቤተክርስቲያን አለ፣ ሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። ሴቶቹ ከቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ከማለት በፊት ሰዓቱ ከውሃ ወረፋ ወይም ከጋገራ ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ እነሱኑ ጠይቁ። ቦታ አያስጨንቅም፤ የቅሬው (የሰፈሩ እድር) ሰብሳቢ ከፈቀዱ አግዳሚውም ድንኳኑም ይገኛል። ቲሸርትና ባነር ማሳተም ይቅር፤ በዚያ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ ይነሳበት።

አራት አንቀጽ

የሕገ መንግሥቱን 106 አንቀጾች እናንብብ ያለ ቡድን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይበተናል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ ነው፤ 43 ማኅበረሰቡን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 30ን ብዙዎች ለሰልፍ ብቻ የተጻፈ ይመስላቸዋል። አቤቱታ የማቅረብ መብትም እዚያው ውስጥ አለ፤ የሚጀምረውም «ማንኛውም ሰው» ብሎ ነው። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፣ የ16 ዓመቷ ልጅ ግን አቤቱታ ላይ መፈረም ትችላለች። ሁለት ሁለት ሆነው ያንብቡና እያንዳንዱን አንቀጽ በሰፈር አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩት።

ልኬት

ሜትር፣ ደብተር፣ ካሜራ ያለው ስልክ። አንዱን ቦታ በደረቁም ዝናብ በጣለ ማግስትም ከአንድ ጥግ ፎቶ አንሱ። በቴሌግራም ድምፅ አሰባስቦ «ሰፈሩ ይህን ብሏል» ማለት አይሆንም፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች የሉበትም።

ወጣቱ ጓጉቶ ቦዩን ቀድሞ እንዳይጠርገው ተጠንቀቁ። ባለሙያ ሲመጣ ንጹሕ ቦይ ያያል፣ «ችግር የለም» ብሎ ይሄዳል፤ የተሰበረው ክዳንና የጠበበው ቱቦ እንዳለ ስለሆነ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይደፈናል።

ደብዳቤው

ብዙ ጥረት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለይ። የሰፈር ቦይ፣ የኮብል ስቶን መንገድና ቆሻሻ ብዙውን ጊዜ ወደ ማዘጋጃ ቤት ያመራሉ፤ የቧንቧ ውሃ የራሱ አገልግሎት መሥሪያ ቤት አለው፤ የመብራት ምሰሶና ትራንስፎርመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ እሱም ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የከተማው ከንቲባ ሊያዝዘው አይችልም። ካልተለየ ለቀበሌው ይጻፍና ግልባጭ ለሚመለከተው ይደረግ።

«በሰፈራችን የመሠረተ ልማት ችግር ስላለ ትኩረት እንዲሰጠን» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ «ትኩረት ይሰጠዋል» የሚል መልስ ያገኛል፤ በዚያው ይዘጋል። ይህን አስተያዩት፦

«ከወፍጮ ቤቱ እስከ ዋናው አስፋልት ካለው 140 ሜትር ቦይ 35 ሜትሩ በደለል ተደፍኗል፤ 6 ክዳኖች ተሰብረዋል። ደለሉን የሰፈሩ ወጣቶች እናወጣለን። ክዳኖቹ እስከ ሰኔ 15 እንዲተኩልን፣ ካልተቻለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ቦታው፣ መጠኑ፣ የእናንተ ድርሻ፣ ቀኑ። የመጨረሻው ሐረግ ትልቅ ነገር ነው፤ «አይቻልም» የሚል ወረቀት እንኳ ወደ በላይ አካል ለመሄድ መነሻ ይሆናል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ በሌላ ወረቀት ይያያዝ።

ጊዜውም ይታሰብበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ክዳን መተካት ከያዝነው ዓመት የጥገና ገንዘብ ሊሸፈን ይችል ይሆናል፤ ቱቦ ማስፋት ግን አዲስ በጀት ስለሚፈልግ ጥያቄው በጥር ወይም በየካቲት መግባት አለበት። ጎርፉ ቤት ሲገባ ሐምሌ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ የሚደርሰው በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ነው።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱ ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። «ሊቀመንበሩ ራሳቸው በእጃቸው ተቀብለውናል» እያሉ ደስ ብሏቸው የሚመለሱ አሉ። ኮሪደር ላይ የተሰጠ ወረቀት ከኪስ አይወጣም።

ስብሰባው

የሰፈሩ ሰውና ኃላፊው በጉዳዩ ላይ የሚገናኙበትን ቀን ለቀበሌው ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ይህ አይዘለልም። የሚመጣው ኃላፊ ሪፖርት ማንበብ ስለሚወድ 10 ደቂቃ ብቻ እንዳለው አስቀድሞ ይነገረው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈት፤ ቀጥሎ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልኬቱን ያንብቡ። ንግግሩ ከአባቶች ከጀመረ ጥያቄው ሳይነበብ 10 ሰዓት ይሞላል።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ ነው። ሰዓቱን ግን ወጣት አይያዝ። «ጋሼ፣ ይበቃዎታል» ማለት ለልጅ ይከብዳል፣ ሽማግሌውም ይቀየማሉ። ሰዓት ያዡ ከመካከላቸው የተከበሩ አንድ አባት ቢሆኑ እኩያ ለእኩያ ስለሆነ በሳቅ ያልፋል።

ቃለ ጉባኤው ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን ይዞ ጮክ ተብሎ ይነበብና ቡናው ከመቅረቡ በፊት ይፈረም። ረከቦት ከተቀመጠ በኋላ እስክሪብቶ የሚቀበል አይገኝም።

ክትትል

በየ15 ቀኑ ሁለት ልጆች ገቢ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ ሁልጊዜ ያው ሰው ከሄደ ይሰለቻል፣ ሌላውም አይማርም። ማን እንዳነጋገራቸውና ምን እንደተባለ ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። ፋይሉን ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አትስጡ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ወረቀቱ ከሻንጣው ጋር ይሄዳል። የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ልጅ ትያዘው፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በቅሬው ሣጥን ይቀመጥ።