የደበዘዘ የጭላዳ ጋማ፦ በዲኤስኤልአር የተነሳ ፎቶን ጥርት ስለማድረግ

መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ በረጅም ሌንስ ያነሳ ሰው ማታ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የወንዱ ጋማ የተባዘተ ጥጥ መስሎ ቢያገኘው፣ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሻርፕኒንግ፣ ማለትም የምስሉን ጠርዞች አጉልቶ ጥርት ወደሚያደርገው ማስተካከያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፎቶውን 100 በመቶ አጉልተው ብዥታው ከምን እንደመጣ ይለዩ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ ካሜራው ተንቀሳቅሷል፤ ከፊት ያለው የጓሳ ሣር ጥርት ብሎ ጭላዳው ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል። እነዚህን ሁለቱን ሻርፕኒንግ አያድናቸውም። ከጣርማበር ቁልቁል ሲያነሱ የሚያጋጥመው የነጣ እይታ ደግሞ የጭጋግ ሥራ ስለሆነ የሚሻለው ኮንትራስት ሲጨመርለት ነው።

ሻርፕኒንግ የሚያክመው አራተኛውን፣ በፎቶው ሁሉ ላይ እኩል የሚታየውን ቀላል ልስላሴ ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ መዝግቦ የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤቶቹ ተሰልተው ስለሚሞሉ፣ በብዙዎቹም ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር ፊት ምስሉን ሆን ብሎ የሚያለሰልስ ማጣሪያ ስላለ፣ የሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ምስል) ሲከፈት ለስለስ ማለቱ ጉድለት አይደለም። ጄፔግ ግን ካሜራው ውስጥ አስቀድሞ ሻርፕ ስለተደረገ ብዙ አይጨመርበትም።

የካሜራውን መንቀሳቀስ ለመከላከል፣ በ300 ሚሊሜትር ሌንስና 1.5 ክሮፕ ባለው (አነስ ያለው ሴንሰሩ እይታውን 1.5 ጊዜ በሚያጠብበው) ካሜራ በእጅ ለማንሳት ቢያንስ የ1/500 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ያስፈልጋል። በጓሳ ነፋስ እኔ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ከፍ አድርጌ 1/1000 እመርጣለሁ፤ የአይኤስኦ ነጠብጣብ ይቀነሳል፣ የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አይመለስም።

በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) መጀመሪያ ነጠብጣቡን ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ሻርፕኒንጉ እሱንም አብሮ ያጎላዋል። ለፀጉር ራዲየሱን (ሻርፕኒንጉ ከጠርዙ ግራና ቀኝ የሚዘረጋበትን ስፋት) ወደ 0.7 ዝቅ ማድረግ፣ ለገደልና ለድንጋይ 1.0 ላይ መተው ይበቃል። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ማስኪንግ የሚባለው ነው፦ የአልት ቁልፍን ተጭነው ሲጎትቱት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ሻርፕ የሚሆነው ነጩ ብቻ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ፣ የጋማው ክሮች፣ ዓይኑና የደረቱ ቀይ ምልክት ጠርዝ ብቻ ነጭ ሆነው ሲቀሩ እጅዎን ያንሱ። ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ የአንኮበር ሸንተረር ፎቶ ከልክ በላይ ሻርፕ አድርጌ፣ ተራራው ከሰማዩ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በጠመኔ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር ወጣብኝ፤ ያየሁትም በትልቁ ታትሞ ከተሰቀለ በኋላ ነበር።

ለስልክ ወይም ለኢንተርኔት የሚሆን ፎቶ መጀመሪያ መጠኑ ይቀነሳል፤ ማሳነሱ በራሱ ጥቂት ስለሚያለሰልሰው መጨረሻ ላይ በስሱ አንድ ጊዜ ሻርፕ ይደረጋል። ለህትመት ግን፣ በተለይ በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ፣ ቀለም ስለሚሰርግ በስክሪን ትንሽ የበዛ የሚመስለው መጠን ወረቀት ላይ ልክ ይመጣል።