እልህ ምላጭ ያስውጣል፦ «ሁሉም ንቆናል» እያልን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አዘዞ አንድ አቧራማ ሜዳ ዳር ቆሜ የታዳጊዎች ጨዋታ አየሁ። ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንዱ ወጣት አሰልጣኝ ልጆቹን ሰብስቦ ይጮሃል። «ማንም አያምንባችሁም! ዳኛው የእነሱ ነው! ደጋፊው የእነሱ ነው! ዓለም በሙሉ እንድትሸነፉ ነው የሚፈልገው!» ልጆቹ አስራ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሜዳው ዳር የነበርነው ደግሞ እኔ፣ አንዲት ቆሎ ሻጭና ሦስት ፍየሎች ነን።

በአስራ አንደኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ቢጫ ተመዘዘ። ከእረፍት በፊት አንዱ ልጅ በቀይ ወጣ። ውጤቱን አልነግራችሁም፣ ገምቱት።

አልሳቅኩበትም። እኔም ታዳጊዎችን ሳሰለጥን ለዓመታት እንዲያ ስጮህ ኖሬያለሁ። እልህን አልጠላም፤ ትንሽ ቡድን ያለ እልህ ትልቁን ሲጥል አላየሁም። ግን አባቶች «እልህ ምላጭ ያስውጣል» ያሉት እንዲሁ አይደለም። ደግሞ ምላጩን የሚውጠው ልጁ ነው፤ የጮኸው አሰልጣኝ ጉሮሮው ደህና ነው።

ያልተናቀን ቡድን «ተንቀሃል» ማለት

ልጅ ውሸት ይሸተዋል። አንድ ጊዜ ከማራኪ ሰፈር ቡድን ጋር ስንጫወት የእነሱ አሰልጣኝ ልጆቼን «የገጠር ልጆች» ብሎ እንደሰደባቸው ነገርኳቸው። ከራሴ ፈጥሬ ነው። የቀኝ ተከላካዬ እጁን አወጣ።

«ኮች፣ እሱ እኮ አጎቴ ነው። ትናንት ማታ እኛ ቤት ነበር። እንዲያውም ጎበዞች ናችሁ ነው ያለን።»

መልበሻ ክፍላችን የዛፍ ጥላ ነበር። ዛፉም የሳቀብኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል «የግራ ክንፋቸው ፈጣን ነው፣ ተጠንቀቁ» ስላቸው እንኳ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩኝ።

እውነተኛ ቅሬታ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ ከመግባቱ በፊት የስኮትላንዱን አበርዲን ሲያሰለጥን የግላስጎው ጋዜጠኞች ለከተማቸው ክለቦች ለሬንጀርስና ለሴልቲክ ያደላሉ ይል ነበር። የስኮትላንድን ዋንጫ ሁለቱ ክለቦች ሲቀባበሉት መኖራቸውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ፈርጉሰን ምንም መፍጠር አላስፈለገውም፤ ያለውን ቁስል ነካ አደረገው። ያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 ጎተንበርግ ላይ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰደ። ለነገሩ እኛ ጎንደሮች ለዚህ ስኮትላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ እስኪያነሳ ድረስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ደጋግሞ ሲወስድ እያየን ነው ያደግነው። «የክፍለ ሀገር ቡድን» መባል ምን ስሜት እንዳለው አስረጂ አንፈልግም።

ዳኛው

ይኼን ርዕስ ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት፣ ስንት ጊዜ ለስንቱ እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው። ጨዋታው ገና ሳይጀመር «ዳኛው ተገዝቷል» ትላላችሁ። ምን እንዳደረጋችሁ ታውቃላችሁ? ለመሸነፍ የሚሆን ሰበብ ገና በማለዳው አደላችሁ። ልጁ ኳስ ተቀማ፣ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ሰው አመለጠው፣ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ታኬታውን አላሰረም፣ እሱም የዳኛው ነው። ኳስ የተቀማ ልጅ ዞሮ መሮጥ አለበት፤ በቃ። እጁን ዘርግቶ «እንዴ! እንዴ!» እያለ የቆመባት ሁለት ሴኮንድ እኮ ለአጥቂ አስር ሜትር ናት። በዚች አስር ሜትር ስንት ጎል እንደገባብን ብትቆጥሩ ዳኛውን ትታችሁ ራሳችሁን ትከሱ ነበር።

እኔ አስቆጥሬያለሁ። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠሁት። «የእኛ ልጅ ወደ ዳኛው ዞሮ እጁን ባነሳ ቁጥር አንድ ጭረት» አልኩት። ከእረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኳስ ከሜዳው አጋማሽ ላይ ወደ ውጭ ወጣች። የግራ ተከላካዬ የመስመር ዳኛውን ይሞግታል። እነሱ በእጅ ወርወር አደረጓት፤ ልጁ ባዶ በተወው መስመር አጥቂያቸው ገሰገሰ፤ ጎል። ተከላካዬ ጎሉ ሲገባ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ምን እንደተፈጠረ ያወቀው ከደጋፊው ጩኸት ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን አየሁት። በጭረት ተሞልቷል። ከጭረቶቹ መሀል ግን የኤክስ ምልክቶችም አሉ፤ እንዲያውም ይበዛሉ።

«ይኼስ ምንድነው?» አልኩት።

ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «እሱ እርስዎ ሲጮሁ ነው» አለኝ።

ያችን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

«ካሜሩንስ?» የሚል አይጠፋም፤ ሁሌ የሚነሳ ነው። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ው የጣሊያን የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ካሜሩን የማራዶናን አርጀንቲና፣ ያውም ባለ ዋንጫዋን፣ 1 ለ 0 አሸንፋለች። ሁለት ተጫዋች በቀይ ካርድ ወጥቶባት በዘጠኝ ሰው ነው የጨረሰችው። ይኼን ሁሉም ያስታውሳል። ሩብ ፍጻሜውን ግን ማንም አያነሳውም። በካርድ የተቀጡ አራት ተጫዋቾች ሳይሰለፉ እንግሊዝን 2 ለ 1 እየመሩ ነበር። ከዚያ አንድ ሪጎሬ፣ በጭማሪው ሰዓት ሌላ ሪጎሬ። ሁለቱንም የእንግሊዙ አጥቂ ሊኔከር አገባ። 3 ለ 2። በመክፈቻው ያጀገናቸው ቁጣ ዕዳውን ሩብ ፍጻሜ ላይ ጠየቃቸው።

ሁሉም ልጅ በቁጣ ይነሳል ብሎ ማሰብ

አንድ ግብ ጠባቂ ነበረኝ። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ እጁ ማግኔት። ከትልቅ ጨዋታ በፊት እንደ ልማዴ ጮኼ ጨረስኩ። ሌሎቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ እሱ ፊቱ አመድ መስሏል። ጓንቱን ሦስት ጊዜ አውልቆ አጠለቀ። ከዚያ ዛፉ ጀርባ ሄዶ አስመለሰ። በእረፍት ጊዜ አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ፣ «ኮች፣ ሁሉም ሰው ከጠላን ለምንድነው የምንጫወተው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚያስፈልገው ጆሮው ስር «ዛሬ ኳሷን በረጅሙ አትምታ፣ ለቀኝ ተከላካይ ስጣት» የሚል ሰው ነው። ከቡድናችሁ ግማሹ እንደሱ ሊሆን ይችላል። ጮክ ብለው «አዎ ኮች!» የሚሉት ናቸው የሚሸፍኗቸው።

ወንጭፍ የሌለው ዳዊት

ጎንደር ውስጥ ደካማ ቡድን ሁሉ ዳዊት ነው። ልጆቹም «እኛ ዳዊት ነን፣ እነሱ ጎልያድ» ይላሉ። እኔ አሁን አሁን «ወንጭፋችሁ የታለ?» እላቸዋለሁ። ዳዊት እልህ ብቻ ይዞ አልወረደም። ከወንዝ አምስት ድንጋይ መርጦ ነው የወረደው። እረኛ ነበር፣ ከአንበሳና ከድብ ጋር የታገለ፣ እጁን ያፍታታ። ደንቢያ ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላ የጠበቀ ልጅ ወንጭፍ በአንድ ቀን እንደማይለመድ ያውቃል።

ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓን ዋንጫ ስትወስድ የሆነው ይኸው ነው። «ማንም አልገመተንም» የሚለው ወሬ ነበር፣ ግን አሰልጣኙ ኦቶ ሬሃገል ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ሰጥቶታል። አንተ እሱን ያዝ፣ አትልቀቀው። ፈረንሳይን 1 ለ 0፣ ቼክን 1 ለ 0፣ ፖርቱጋልን በገዛ ሀገሯ ሊዝበን ላይ 1 ለ 0። ሦስቱም ጎሎች በቴስታ ናቸው፤ ሁለቱ ከማዕዘን ምት። ይኼ ወንጭፍ ነው።

በኳታሩ የዓለም ዋንጫ የሳዑዲ ዓረቢያ አሰልጣኝ የነበረውን የሄርቬ ሬናርድን ቪዲዮ ደግሞ ስንት አሰልጣኝ ልኮልኛል። ሳዑዲ ዓረቢያ በአርጀንቲና 1 ለ 0 እየተመራች ለእረፍት ገብታ ሰውዬው መልበሻ ክፍል ውስጥ ይጮሃል። ሁሉም ጩኸቱን ያያል። የሚለውን ስሙት እንጂ! ሜሲ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ እናንተ ተከላካይ ፊት ትቆማላችሁ፣ አትይዙትም፣ ከፈለጋችሁ ስልካችሁን አምጡና አብራችሁት ፎቶ ተነሱ ነው የሚለው። ስለ ንቀት አንድም ቃል የለበትም። ስለ አቋቋም ነው የሚያወራው። 2 ለ 1 አሸነፉ።

በየሳምንቱ ሚጥሚጣ

ያው ሳዑዲ በቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎች በፖላንድና በሜክሲኮ ተሸንፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሚጥሚጣ ለክትፎ ነው። ለቁርስም፣ ለምሳም፣ ለእራትም ከሰጣችሁ ምላስ ይደነዝዛል። «ተንቀናል» የሚለውን እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢበዛ ነው አሁን የማነሳው።

ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ በውድድሩ መጀመሪያ አቋማሪዎች የሰጡት ግምት 5,000 ለ 1 ነበር። ከዚህ በላይ ንቀት ከየት ይመጣል? አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ ግን ልጆቹን ያነሳሳው በፒዛ ነው፦ ጎል ሳይገባባችሁ ከወጣችሁ ፒዛ እጋብዛለሁ ብሎ። እኔም ቀድቼዋለሁ። ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት አለ፣ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ። ጎል ካልገባብን ለሁሉም። ኪሴን ጎድቶኛል፣ ተከላካዮቼ ግን እንደዚያ ዓመት ተነጋግረው አያውቁም።

በጥቂት ቃል የማልፋቸው

የተጋጣሚን ብሔር ወይም ሃይማኖት እያነሱ ልጅ ማናደድ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሜዳ አይግባ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ስድብ ለተጫዋች ማሳየት። ማታ እንቅልፍ ያጣል፣ ጠዋት እግሩ ይከብደዋል።

«ከእኛ ያልሆነ ጠላታችን ነው» ማለት። ሦስት ጊዜ ከተሸነፋችሁ በኋላ ልጆቹ ጠላቱን ከመሀላቸው መፈለግ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግብ ጠባቂው ነው።

እልህ የእኛ ብቻ ነው ማለት

ጥር 2005 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባንበት፣ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድን። ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በአስር ሰው ቀርተን፣ ጎል ገብቶብን፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ቀን ጎንደር ላይ የነበረውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም፤ እኔ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ውስጥ የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ አልቅሻለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ገባን። 1 ለ 0 እየተመራን የእነሱ ግብ ጠባቂ በቀይ ወጣ። «አለቀላቸው» አልን። አላለቀላቸውም። በአስር ሰው ሦስት ጨመሩብን፣ 4 ለ 0። ለእኛ የሠራ ነገር ለእነሱም ይሠራል። ልጆቻችሁን ለቁጣ ስታዘጋጁ፣ የተቆጣ ቡድን ሲገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉም አለማምዷቸው። ኳስ ይዞ ማረጋጋት፣ በእርጋታ መቀባበል፣ እስኪደክማቸው መጠበቅ።

ትልቅ ከሆናችሁ በኋላም ትንሽ ነን ማለት

ይኼኛው የእኔ ነው፣ ማንም ላይ አላላክከውም። አንድ ዓመት የከተማውን የታዳጊዎች ዋንጫ ወሰድን። በዓመቱ ስንመለስ እኔ አሁንም «ማንም አያውቀንም፣ ሁሉም ንቆናል» እላለሁ። ልጆቹ አዲስ ማሊያ ለብሰዋል፣ ሌሎች ቡድኖች ልምምዳችንን ለማየት ይመጣሉ። አምበሌ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲይዝ አየሁት።

ለወዳጅነት ጨዋታ ከቆላ ድባ በኩል አንድ ቡድን በቅጥቅጥ አይሱዙ መጣ። ልጆቹ ታኬታ የሚቀያየሩ ናቸው፤ የሚወጣው ልጅ አውልቆ ለሚገባው ይሰጠዋል። 2 ለ 1 አሸነፉን። ጎሉን ሲያገቡ የተቃቀፉት ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኛቸው፣ ገና ጺሙ ያልጠነከረ ልጅ፣ ሊጨብጠኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ለልጆቹ ምን እንዳልኳቸው ያውቃሉ?» አለኝ እየሳቀ። «ጎንደሮች ንቀዋችኋል አልኳቸው።»

«እኛ እኮ አልናቅናችሁም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሁለተኛውን ግብ ጠባቂና አራት ተቀያሪዎች እንዳሰለፍኩ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።